ሰምና ወርቅ በአንድ ፊደል፦ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ታሪክ ከአዲስ አበባ እስከ ጁባ

ኒምራ ታላታ ከጁባ ሰፈሮች አንዱ ነው፤ ስሙ በጁባ ዓረብኛ «ቁጥር ሦስት» ማለት ነው። ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ፣ ይልቁንም ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ካወጀችበት ከ2011 ወዲህ (ዘመኑ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ ጁባ ከአዲስ አበባ፣ ከአስመራ፣ ከካምፓላ፣ ከናይሮቢና ከካርቱም የመጡ ሰዎች ተቀላቅለው የሚኖሩባት ከተማ ሆናለች። በእንዲህ ያለ ከተማ የሚኖር ሰው ለሥራ ወይም ለጉዞ ሲመረመር፣ ለታመመ ወገኑ ደም ሊሰጥ ሲቀርብ፣ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ሆና ክትትል ስትጀምር አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይሰጠዋል። በወረቀቷ ላይ «ኤች ቢ ኤስ ኤጂ» የሚል ጽሕፈት፣ ከጎኑም «ፖዘቲቭ» ወይም «ኔጋቲቭ» የሚል ቃል አለ። ሰውየው የሚያነበው የኋለኛውን ቃል ብቻ ነው። ታሪኩ ያለው ግን በፊተኛው ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም ያ ጽሕፈት የአንድ ፕሮቲን ስም ነው፤ ፕሮቲኑም ከሰው ልጅ ጋር ሺህ ዓመታትን የተጓዘ ቫይረስ የለበሰው ልብስ ነው።

በአማርኛ ዓይንንና ቆዳን ቢጫ የሚያደርገው ሕመም ከጥንት ጀምሮ «የወፍ በሽታ» ይባላል። ስሚዛን የመሳሰሉ ቅጠሎች ለዚሁ ሕመም ሲጨመቁ ኖረዋል። ስሙ የሚናገረው ግን ስለ ምልክቱ እንጂ ስለ ምክንያቱ አይደለም። ዓይንን ቢጫ የሚያደርጉ ሕመሞች ብዙ ናቸው፤ በአንጻሩ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስን ለ30 ዓመታት በጉበቱ ተሸክሞ አንድም ቀን ዓይኑ ቢጫ ያልሆነ ሰው ሞልቷል። ይህ ዝምታ ነው ቫይረሱን ከሳይንስ ዓይን ለረጅም ጊዜ የሰወረው።

መጀመሪያ የታየውም በአጋጣሚ ነበር። በ1965 አሜሪካዊው ሐኪም ባሩክ ብሉምበርግና የሥራ ባልደረቦቹ ከአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ውስጥ ያገኙትን እንግዳ ፕሮቲን «የአውስትራሊያ አንቲጂን» ብለው አስታወቁ። ይፈልጉ የነበረው የሰው ደም ከሕዝብ ሕዝብ የሚለያይበትን መንገድ እንጂ የጉበት በሽታን አልነበረም። ፕሮቲኑ ከሄፓታይተስ ጋር መያያዙ የተረጋገጠው ቆይቶ ነው። በ1970 ደግሞ ለንደን በሚድልሴክስ ሆስፒታል ዴቪድ ዴንና ባልደረቦቹ ሙሉውን ቫይረስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት፤ ስፋቱ 42 ናኖ ሜትር ብቻ ነበር። ብሉምበርግ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው በ1976 ነው።

ነገሩን ጠለቅ አድርጎ ማንበብ የተቻለው በ1979 ሲሆን፣ ፓሪስ ውስጥ ፍራንሲስ ጋሊቤርና ባልደረቦቹ የቫይረሱን የዘረ-መል ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡ። የፊደላቱ ብዛት 3,182 ሆኖ ተገኘ። የሰው ዘረ-መል ከ3 ቢሊዮን በላይ ፊደላት አሉት፤ የኤች አይ ቪ እንኳ ወደ 10 ሺህ ይጠጋል። በ3,182 ፊደላት ጉበትን ያህል አካል ወርሮ፣ ከሰውነት መከላከያ ተሰውሮ፣ ዕድሜ ልክ መኖር እንዴት ይቻላል? መልሱን ለመረዳት በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ከማንም ይቀድማል።

«አይበላሽም» የሚለውን ቃል ማየት ይበቃል። «ምግቡ አይበላሽም» ሲባል ቃሉ ጠብቆ ይነበባል፤ «አይዞሽ፣ ጅቡ አይበላሽም» ሲባል ደግሞ ላልቶ ይነበባል። ፊደላቱ አንድ ናቸው፤ ንባቡ ሁለት፣ ትርጉሙም ሁለት። አሁን «ሽ»ን አንስቶ «ህ»ን መተካት ይሞከር። «ጅቡ አይበላህም» ለወንድ የተነገረ ደኅና አማርኛ ነው፤ «ምግቡ አይበላህም» ግን ትርጉም የለውም። አንዱን ንባብ ያልጎዳ ለውጥ ሌላውን አፈረሰው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ አጻጻፍ ይኸው ነው። ከፊደላቱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አንድ ጊዜ ከአንድ ፊደል ተጀምረው፣ ሌላ ጊዜ አንድ ፊደል ተዘልሎ ይነበቡና ሁለት የተለያዩ ፕሮቲኖችን ይሰጣሉ። የሽፋኑ ፕሮቲን ጽሑፍ እንዲያውም ከዳር እስከ ዳር የተጻፈው ፖሊሜሬዝ በሚባለው፣ ቫይረሱን በሚያባዛው ፕሮቲን ጽሑፍ ውስጥ ነው። ሰሙና ወርቁ በአንድ መስመር ላይ ናቸው።

ቫይረሱ አራት ዋና ጽሑፎች አሉት፦ ሽፋን፣ አስኳል፣ ፖሊሜሬዝ እና ኤክስ። ኤክስ የተባለው ሥራው ለረጅም ጊዜ ስላልታወቀ ነው፤ በ2016 የሰው ሕዋስ ባዕድ ዘረ-መልን ጸጥ የሚያደርግበትን መሣሪያ እንደሚያፈርስ ተገልጿል። ስለዚህ ኤክስ በር ጠባቂውን የሚያስወግድ ነው ማለት ይቻላል።

ሽፋኑ ሦስት ክፍሎች አሉት። የፊተኛው «ፕሪ ኤስ አንድ» ይባላል፤ ወደ ጉበት ሕዋስ የሚያስገባው ቁልፍ እሱ ነው። ቁልፉ የትኛውን በር እንደሚከፍት የታወቀው ቫይረሱ ከተገኘ ከ47 ዓመታት በኋላ፣ በ2012፣ ቤጂንግ ውስጥ በሊ ዌንሁዪ ቡድን ነው። በሩ የሐሞትን ጨው ከደም ወደ ጉበት ሕዋስ የሚያስገባ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። ቫይረሱ በዋናነት ጉበትን ለምን እንደሚመርጥ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ግኝት የለም።

በምርመራው ወረቀት ላይ የተጻፈው «ኤስ» ግን የሽፋኑ የኋለኛው ክፍል ነው። ቫይረሱ ይህን ክፍል ከሚያስፈልገው በላይ ያመርተዋል፤ በተሸካሚው ሰው ደም ውስጥ ቫይረስ የሌለባቸው ባዶ ሽፋኖች ከእውነተኛው ቫይረስ በሺህዎች እጥፍ ይበልጣሉ። ጸረ-ቫይረስ የሆነውን የሰውነት መከላከያ ጥይት የሚያስጨርስ ማታለያ ነው። ብሉምበርግ ያየው እነዚህን ባዶ ሽፋኖች ነበር። በ1981 የተፈቀደው የመጀመሪያው ክትባትም ከተሸካሚዎች ደም ተጣርተው የወጡት እነዚሁ ሽፋኖች ነበሩ፤ ከ1986 ጀምሮ ግን በእርሾ ውስጥ የሚመረት ክትባት መጣ። ቫይረሱ ለማታለያ የበተነው ልብስ ተሰብስቦ የራሱ መከላከያ ሆነ።

ክትባቱ የሚያስተምረው ሰውነት ይህን ክፍል እንዲያውቅ ነው፤ በተለይም ከሽፋኑ ብቅ ያለችውን፣ «ኤ» የምትባለውን ትንሽ ቀለበት። በ1990 ከጣሊያን አስደንጋጭ ዜና ተሰማ። ክትባት በወሰደ ሕፃን ውስጥ የተገኘ ቫይረስ በዚያች ቀለበት 145ኛው ቦታ ላይ አንድ አሚኖ አሲድ ለውጦ ነበር። ያን ጊዜ የተፈራው ይህ አምላጭ ዓለምን ይወርሳል ተብሎ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ አልፎ አልወረሰም። ምክንያቱ አንድ ባይሆንም ከፊሉ ያው የቅኔው ሕግ ነው፤ በሽፋኑ ላይ የተለወጠ ፊደል በፖሊሜሬዙም ላይ ይለወጣል፤ ማምለጫው በነጻ አይገኝም።

ሕጉ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። ላሚቩዲን የተባለው መድኃኒት ፖሊሜሬዙን ሲያጠቃ፣ ቫይረሱ በፖሊሜሬዙ 204ኛ ቦታ ላይ ራሱን ለውጦ መድኃኒቱን ይለምዳል። ያ ለውጥ በሽፋኑ ላይ ደግሞ 195ኛውን ቦታ ይለውጣል፤ ከሌሎች ጥቂት ለውጦች ጋር ሲደመርም መከላከያው ሽፋኑን የሚይዝበትን ጉልበት ይቀንሳል። በአፍሪካ ይህ የመጽሐፍ ጨዋታ አልነበረም። ላሚቩዲን ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶች አንዱ በመሆኑ፣ ሁለቱንም ቫይረሶች የተሸከሙ ብዙ ሰዎች ለጉበታቸው እሱን ብቻ እየወሰዱ ዓመታትን አሳልፈዋል። ቴኖፎቪር ሲመጣ ነገሩ ተሻሻለ፤ እሱን የሚለምድ ቫይረስ እምብዛም ነው። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2015 የጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ከሰሐራ በታች ካሉት የመንግሥት ሆስፒታሎች ቀዳሚዎች ውስጥ የሚቆጠር ሲሆን፣ ከ1,300 በላይ ሰዎችን መዝግቦ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቴኖፎቪርን ሰጥቷል። መድኃኒቱ ቫይረሱን ያስተኛዋል እንጂ ከጉበት ነቅሎ አያወጣውም።

ይህ ድርብ ጽሑፍ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ወሬው ወደ ዓሣና ወደ ወፍ ይዞራል። በ2017 ተመራማሪዎች በዓሦች ውስጥ የዚህ ቫይረስ የሩቅ ዘመዶች የሆኑ፣ ሽፋን የሌላቸው እርቃን ቫይረሶችን አገኙ። የሁለቱ ቤተሰቦች መለያየት ከ400 ሚሊዮን ዓመታት በፊት እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ አስኳልና ፖሊሜሬዝ ቀድመው ነበሩ፤ ሽፋኑ ኋላ በፖሊሜሬዙ ጽሑፍ ላይ ተደርቦ የተወለደ ንባብ ነው። ዛሬ ምርመራውም ክትባቱም የቆመበት ክፍል ከቤተሰቡ መሥራቾች አንዱ አልነበረም ማለት ነው። በ2013 ደግሞ በአእዋፍ ዘረ-መል ውስጥ ተቀብሮ የቀረ፣ ከ80 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ያስቆጠረ የዚህ ቤተሰብ ቅሪት ተገኝቷል፤ ኤክስ የለውም። ቫይረሱ ራሱን የሚያባዛበት መንገድም በ1982 የታወቀው በዳክዬ ላይ በተደረገ ጥናት ነበር። «የወፍ በሽታ» ያሉት አባቶች ይህን አስበው አልነበረም፤ የሰው ቫይረስም ከወፍ አይተላለፍም። አጋጣሚው ግን ያስፈግጋል።

ከሰው ጋር ያለው ታሪክ በአጥንት ተጽፏል። በ2018 ከጀርመን መቃብሮች የ7,000 ዓመት ዕድሜ ካለው አጽም የቫይረሱ ጽሑፍ ተነበበ፤ በ2021 የወጣው ጥናት ደግሞ ከ10,500 እስከ 400 ዓመት ዕድሜ ካላቸው የ137 ሰዎች ቅሪት አነበበው። ከሁሉ የሚያሳዝነው የኔፕልሱ ሕፃን ነው። በሳን ዶሜኒኮ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን በ16ኛው መቶ ዓመት የተቀበረው ይህ የሁለት ዓመት ገደማ ልጅ፣ በደረቀው ሬሳው ላይ በሚታየው ሽፍታ ምክንያት በፈንጣጣ የሞተ ነው ተብሎ ለዓመታት ተጽፎለት ነበር። በ2018 ዘረ-መሉ ሲመረመር ፈንጣጣ አልተገኘም፤ የተገኘው ሄፓታይተስ ቢ፣ ዝርያውም ዲ ነበር። ከዛሬው ዲ ጋር ሲነጻጸርም ልዩነቱ እጅግ ጥቂት ነው። ጽሑፉ ድርብ የሆነ ቫይረስ በቶሎ አይለወጥም።

ዝርያ የሚባለው ነገር መታየት የጀመረው በ1988 ነው፤ ያን ጊዜ አራት ነበሩ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ፤ ኢ እና ሌሎቹ ኋላ ተጨመሩ። ዝርያዎቹ ገና ከርዝመታቸው ይለያሉ፦ ኤ 3,221፣ ኢ 3,212፣ ዲ 3,182 ፊደላት አሏቸው። ዲ ከቁልፉ ክፍል፣ ከፕሪ ኤስ አንድ፣ 33 ፊደላትን ጥሏል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሁለት ንባብ ስለሚነበቡ ዲ ከሽፋኑ 11፣ ከፖሊሜሬዙም እንዲሁ 11 አሚኖ አሲድ ጎድሎበታል፤ ሁለቱም ግን ያለ እነሱ ይሠራሉ። ኢ ከዚያው አካባቢ ሦስት ፊደላትን ብቻ ጥሏል፤ ኤ ደግሞ በአስኳሉ ጫፍ ላይ ስድስት ጨምሯል። የፓሪሱ የ1979 ጽሑፍ 3,182 ፊደላት የነበሩት ዲ ስለነበረ ነው።

ጁባ በዚህ ካርታ ላይ መገናኛ ናት። ከምሥራቅ በኩል፣ በኢትዮጵያ፣ ኤ አብላጫውን ይዞ ዲ ይከተለዋል፤ በ2017 የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ የሚዘዋወር አዲስ የዲ ንዑስ ዝርያ አግኝተው ዲ 10 ብለውታል። በደቡብ፣ በኡጋንዳና በኬንያ፣ ኤ ይበዛል። በምዕራብ፣ ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ እስከ ሴኔጋል ጠረፍ ድረስ፣ የኢ አገር ነው። በሰሜን፣ በካርቱም ደም ለጋሾች ላይ የተደረገውና በ2011 የታተመው ጥናት ዲ እና ኢ ጎን ለጎን መኖራቸውን ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ ሰው ጉበት ውስጥ ተገናኝተው የተዳቀሉ፣ ግማሽ ዲ ግማሽ ኢ የሆኑ ቫይረሶችንም አሳይቷል። ኢ በሰፊው የአፍሪካ ምድር ቢኖርም በመካከሉ ያለው ልዩነት አነስተኛ ነው፤ በባርነት ወደ አሜሪካ በተጋዙት አፍሪካውያን ዘሮች ዘንድ ደግሞ ከቶ አይገኝም ለማለት ይቀራል። ብዙ ሊቃውንት ከዚህ ተነሥተው ኢ በአፍሪካ የተስፋፋው በቅርብ ዘመን ነው ይላሉ። (ዝርያ ኢ እና «ሄፓታይተስ ኢ» የተባለው በሽታ አይገናኙም። በ2022 በቤንቲዩ ክትባት የተሰጠበት በውኃ የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ኢ ፈጽሞ ሌላ ቫይረስ ነው።)

ዝርያው የትም ይሁን የት ለተሸካሚው ምን ይለውጥለታል? እዚህ ላይ ወሳኙ የአስኳሉ ጽሑፍ ነው። በ1972 ስዊድናውያን ተመራማሪዎች «ኢ አንቲጂን» የተባለ ሌላ ፕሮቲን በተሸካሚዎች ደም ውስጥ አገኙ። (ፊደሉ ከዝርያው ጋር ቢመሳሰልም ግንኙነት የላቸውም፤ ስም አውጪዎቹ ለአንባቢ አላዘኑም።) ኢ አንቲጂን ከአስኳሉ ፕሮቲን የሚለየው በአጀማመሩ ነው፤ ንባቡ 87 ፊደላት ቀድሞ ይጀምርና ከሕዋሱ ወጥቶ ወደ ደም ይፈስሳል። ለመባዛት አያስፈልግም። ሥራው የሰውነትን መከላከያ ማለዘብ እንደሆነ ይታመናል። በሰው ደም ውስጥ ካለ ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ በብዛት አለ ማለት ነው፤ የምትወልደው እናት ደም ውስጥ ካለ ደግሞ፣ ክትባትና መድኃኒት ከሌለ፣ ከአሥር ልጆቿ ሰባት እስከ ዘጠኙ ሊያዙባት ይችላሉ። ኢ አንቲጂን የሌላት ተሸካሚ እናት ልጆች ግን የሚያዙት ከዚህ እጅግ ባነሰ ቁጥር ነው።

ቫይረሱ ይህን ንባብ የሚያቆምበት መንገድ እንደ ዝርያው ይለያያል። በዲ ውስጥ 1896ኛው ፊደል ሲለወጥ በንባቡ መካከል «አቁም» የሚል ትእዛዝ ይገባና ኢ አንቲጂን ይጠፋል፤ ቫይረሱ ግን ይቀጥላል። በ1989 በሜዲትራኒያን ሰዎች ላይ የታየው ይህ ነበር። በኤ ውስጥ ይኸው ለውጥ እምብዛም አይገኝም፤ ምክንያቱ ደግሞ ሦስተኛ ንባብ ነው። ያ ቦታ ጽሑፉ ታጥፎ ከ1858ኛው ፊደል ጋር የሚጣመርበት ሲሆን፣ በኤ ላይ ያለው ጥንድ ለውጡን አይቀበልም። የአፍሪካው ኤ ሌላ ዘዴ አለው፤ ከንባቡ መነሻ በፊት ያሉትን ጥቂት ፊደላት ለውጦ ኢ አንቲጂንን በትንሹ ብቻ ያስነብባል። መንገዳቸው ይለያይ እንጂ በአካባቢያችን የሚበዙት ሁለቱ ዝርያዎች ኢ አንቲጂንን ገና በወጣትነት ይተዉታል። በምሥራቅ እስያ የሚበዛው ሲ ግን ሴቲቱ የመውለጃ ዕድሜ ላይ ደርሳም ይዞት ይቆያል።

የዚህ ውጤት በአዲስ አበባ ቤቶች ውስጥ ታይቷል። ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸው፣ ስዊድናውያንም ጭምር፣ በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ኤ፣ ቢ እና ዴልታ ሁኔታን አጥንተው በ1986 ካሳተሙ በኋላ ቫይረሱ በአገሪቱ በሰፊው እንደተሰራጨ የታወቀ ነበር፤ እንዴት እንደሚዛመት ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በ1994 ከአዲስ አበባ ቤተሰቦች የ4,736 ሰዎች ደም ተሰብስቦ የተሠራውና በ2003 የወጣው ጥናት 7 ከመቶው የሽፋኑ ፕሮቲን በደማቸው እንዳለ አሳየ፤ በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶች ግን ኢ አንቲጂን የተገኘባቸው ከ1 ከመቶ በታች ነበሩ። ትርጉሙ ግልጽ ነው። በዚያች ከተማ ቫይረሱ በብዛት ይተላለፍ የነበረው በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ሳይሆን ከዚያ በኋላ፣ ከልጅ ወደ ልጅ፣ በአንድ ቤትና በአንድ ሰፈር ውስጥ ነበር። በቁስል፣ በጋራ ምላጭ፣ ቆዳ በሚበጣበት መሣሪያ፣ ልጆች ሲጫወቱ በሚገኝ ጭረት። በጨቅላነቱ የተያዘ ልጅ ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ ዕድሜ ልክ ተሸካሚ ይሆናል፤ አዋቂ ሲያዝ ግን ከመቶ አምስት በታች።

ኢትዮጵያ በ2007፣ ደቡብ ሱዳን በ2014 ሄፓታይተስ ቢን የሚጨምረውን አምስት ጣምራ ክትባት በስድስተኛው ሳምንት ሲጀምሩ ይኸኛውን መንገድ ይዘጋ ነበር፤ ይዘጋልም። የቀረው መንገድ የወሊዱ ነው፤ የልጅ ለልጁ በር ሲዘጋ ቀድሞ ጠባብ የነበረው በር ድርሻው እየሰፋ ይሄዳል። በ2013 እና 2014 በጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነፍሰ ጡር ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት 11 ከመቶው የሽፋኑን ፕሮቲን እንደያዙ አሳይቷል። ከአሥር እናቶች አንዷ ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ኢ አንቲጂን ያላቸው ጥቂቶች ቢሆኑ እንኳ፣ የእነሱ ልጆች ስድስት ሳምንት የሚጠብቁበት ጊዜ የላቸውም፤ ክትባቱ ለእነሱ የሚሠራው በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ለሁሉም ሕፃናት መምከር የጀመረው በ2009 ነበር። በመጋቢት 2024 ባወጣው መመሪያ ደግሞ ሕክምና የሚጀመርበትን መስፈርት አቅልሎ፣ የቫይረሱን ብዛት የሚለካ መሣሪያ በሌለበት አገር ነፍሰ ጡሯ የሽፋኑ ፕሮቲን ብቻ ከተገኘባት ቴኖፎቪር ሊሰጣት እንደሚችል ፈቅዷል። በ1965 በአጋጣሚ የታየው ያ ፕሮቲን፣ በኒምራ ታላታ ለምትኖር ነፍሰ ጡር በሚሰጣት ቁራጭ ወረቀት ላይ ብቻውን ተጽፎ፣ ልጇ ሳይወለድ መድኃኒት ለማስጀመር በቂ ሆኗል።